ከ40 ጫጩት 6 ብቻ ለምን ተረፉ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ስለ ቤት ውስጥ ዓሣ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚያወሩት ስለ ጫጩት ነው። ተወለዱ፣ ደስ አለን፣ አለቁ። አንዱን ደብዳቤ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ። ሌሎቹን ሁለቱን በአጭሩ።

«ጋሼ ሰላም ነህ? የምጽፍልህ ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ሰፈር ነው። የአስር ዓመት ልጅ አለኝ። ለልደቱ አጎቱ ከአዲስ አበባ አራት ጋፒ ዓሣ ይዞለት መጣ፤ አንድ ወንድ፣ ሦስት ሴት። ከመጡ በሦስተኛው ሳምንት አንዷ ወለደች። ልጄ ቁጭ ብሎ ቆጠራቸው። 40 ናቸው። እናትየዋ እንዳትበላቸው ብለን ወዲያው ለየናቸው። በትልቅ የመስታወት ሳህን፣ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ አድርጌ አስቀመጥኳቸው። በየቀኑ ውሃቸውን ሙሉ በሙሉ እቀይራለሁ። ሳህኑንም በሳሙና አጥባለሁ። የምመግባቸው የተቀቀለ እንቁላል አስኳል ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድም አልሞተም። በሁለተኛው ቀን 8 ሞቱ። በሦስተኛው 11። ሳምንት ሲሞላቸው 12 ብቻ ቀሩ። ዛሬ 20 ቀናቸው ነው፤ ያሉት 6 ናቸው። ልጄ ጠዋት ሳህኑን ከማየቱ በፊት የኔን ፊት ያያል። ጥፋቱ የኔ ነው? ወይስ ነገሩ እንዲህ ነው? ከ40 ስንት መትረፍ አለበት?»
የሁለት ልጆች እናት፣ ሳቢያን

እህቴ፣ እኔም የድሬ ልጅ ነኝ፤ አንቱታው ይቅርብንና አንቺ እልሻለሁ።

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። ጋፒ ከሆነ፣ ጫጩቶቹም ከትልልቆቹ ከተለዩ፣ ውሃውም ከተስማማቸው፣ ከ40 ውስጥ 30 እና ከዚያ በላይ ማሳደግ ይቻላል። እኔ ቤት ሆኗል። ስለዚህ 6 «ነገሩ እንዲህ ነው» ተብሎ የሚተው ቁጥር አይደለም። ጥፋት የሚለውን ቃል ግን ተይው። ያን ሁሉ ያደረግሽው አስበሽላቸው ነው። ችግሩ እኛ ንጹሕ የምንለው ውሃና ለዓሣ ንጹሕ የሆነው ውሃ አንድ አለመሆናቸው ነው።

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ልጅሽ በየቀኑ መቁጠሩን ሳይ እውነቴን ነው፣ ልቤ ሞቀ። «ብዙ ሞቱብኝ» ለሚለኝ ሰው ምንም ልለው አልችልም። «በሁለተኛው ቀን 8፣ በሦስተኛው 11» ካልሽኝ ግን ቤትሽ ሳልመጣ ምን እንደጎዳቸው ልነግርሽ እችላለሁ። የሞቱበት ቀን ምክንያቱን ይናገራል። ይህን የተማርኩት ከራሴ ደብተር ነው።

እኔ ፍሪጅ ጠጋኝ ነኝ። ከዚራ ያለችው ሱቄ ውስጥ ባለቤቶቻቸው «አይሆንም» ተብለው ትተዋቸው የሄዱ ፍሪጆች አይጠፉም። ከታች በኩል አትክልት የሚቀመጥባት፣ ውስጧ የሚታይ የፕላስቲክ መሳቢያ አለች አይደል? ጫጩት የማሳድገው በእሷ ነው። ሰፊ ናት፣ ጥልቀት የላትም፣ አየር እንደልብ ያገኛታል። በእያንዳንዷ መሳቢያ ላይ ቁጥር ጽፌያለሁ። በደብተሬም ላይ ለእያንዳንዱ ውልደት አንድ ገጽ አለው።

የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «28 ተወለዱ። በ30ኛው ቀን 3።» ሁለተኛው፦ «31 ተወለዱ። በ30ኛው ቀን 9።» ሦስተኛው፦ «36 ተወለዱ። በ30ኛው ቀን 30።» ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ስሄድ አንድም ዕቃ አልገዛሁም። እናትየዋም ያችው ነበረች። የተለወጠው የኔ አያያዝ ነው።

በመጀመሪያው ጊዜ 25 ጫጩት በሁለት ቀን ውስጥ ጠፋ። ግን አንድም የሞተ አላገኘሁም። ይህን ልብ በይው። ጫጩት ጠፍቶ ሬሳ ከሌለ ተበልቷል ማለት ነው። ጋፒ ልጇን አታውቅም። ሲወለዱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያንሳሉ፤ ለእሷ የሚንቀሳቀስ ምግብ ናቸው። አንቺ ይህን ቀድመሽ አስበሽበታል። ስለዚህ ያንቺ ቤት ታሪክ ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለው ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ለየኋቸው። ደስ እንዲላቸው ብዬ ከቧንቧ በቀጥታ የቀዳሁትን ጥርት ያለ ውሃ ሰጠኋቸው። በማግስቱ መሞት ጀመሩ። ሬሳቸው ከታች ተኝቶ አገኘሁት። ልክ እንዳንቺ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው ያለቁት። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ሬሳ ካየሽ ብዙ ጊዜ ነገሩ ውሃው ነው።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለበት። ጀርም እንዲገድል ነው የሚጨመረው፤ ለኛ ጥሩ ነው። ዓሣ ግን የሚተነፍሰው በስንጥቡ ነው፤ ስንጥቡ ደግሞ በጣም ስስ ሥጋ ነው። ክሎሪን እሱን ያቃጥለዋል። ትልቁ ዓሣ ሊቋቋመው ይችላል። የአንድ ቀን ጫጩት አይችልም። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ቀድተሽ ቢያንስ 24 ሰዓት አሳድሪው። ክሎሪኑ ይተናል። የአየር ፓምፕ ካለሽ ባልዲው ውስጥ ብትከቺው ደግሞ ይፈጥናል።

ባልዲውን ግን ክፍት አትተዪው። እባክሽን። በ2014 ዓ.ም. በበጋ፣ ወባ ባልተለመደበት ወቅት፣ ከተማችን ውስጥ ወረርሽኝ ተነስቶ እንደነበር ታስታውሺያለሽ። ያኔ ስሟ የተነሳው ትንኝ አኖፌለስ ስቴፈንሲ ትባላለች። ከሌሎቹ የምትለየው ከተማ መሀል፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ መራባቷ ነው። የደንጊ ትኩሳት የምታስተላልፈዋም ባልዲና በርሜል ትወዳለች። ስለዚህ ባልዲው ላይ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አልብሺና ዙሪያውን በላስቲክ እሰሪው። አየሩ ይወጣል፣ ትንኟ አትገባም። ጊቢ ውስጥ ባለ ውሃ ላይ የትንኝ እጭ ካገኘሽ ደግሞ በወንፊት አውጥተሽ ለትልልቆቹ ጋፒዎች ስጪያቸው። እየተሻሙ ነው የሚበሉት። ለጫጩቶቹ ግን ይተልቅባቸዋል።

አንዳንድ ሰው የድሬ ውሃ ጠጣር፣ ማለትም ማዕድን የበዛበት፣ ስለሆነ ዓሣ አይሆንበትም ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ነው፤ አዎ፣ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ግን ጠጣር ውሃ ይወዳሉ። እዚህ ከተማ ለጀማሪ ጋፒ የምመክረውም ለዚህ ነው። ውሃችን ለእነሱ የተባረከ ነው።

ግን አንድ ነገር አለው። ጠጣር ውሃ ብዙ ጊዜ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ያንሳል) ከፍ ያለ ነው። ይህ ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ይወስደኛል። ከሳምንት በኋላ ቀስ እያሉ የሞቱብሽን ስድስቱን የሚያስረዳው እሱ ይመስለኛል።

ዓሣ ከሰውነቱ አሞኒያ ያወጣል። የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በቆየ አኳሪየም ውስጥ ይህን አሞኒያ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። አይታዩም። የማጣሪያው ስፖንጅ ላይ፣ ጠጠሩ ላይ፣ መስታወቱ ላይ ተለጥፈው ይኖራሉ። እነሱ እስኪበዙ በአዲስ አኳሪየም ውስጥ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። አንቺ ሳህኑን በየቀኑ በሳሙና ስታጥቢው እነሱን ታጥቢያቸዋለሽ። በየቀኑ ከዜሮ ትጀምሪያለሽ ማለት ነው። ሳሙናው ራሱም ለዓሣ መርዝ ነው፤ ትንሽ ቅሪት ይበቃል። የዓሣ ዕቃ ሳሙና አይንካው።

ደግሞ አሞኒያ ሁልጊዜ እኩል አይጎዳም። መርዛማ የሚሆነው ከፊሉ ነው። ስንቱ መርዛማ እንደሚሆን የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። ውሃው 25 ዲግሪ ሆኖ ፒኤቹ 7 ከሆነ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። ፒኤቹ 8 ሲሆን ከመቶ 5 ይደርሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ከዚያም ይጨምራል። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለውን የአጎትየውን ዓሣ ብዙ ሳይጎዳ የሚያልፈው ቆሻሻ እኛ ዘንድ ይገድላል። ድሬ ውስጥ ከመጠን በላይ መመገብ ትልቁ አደጋ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ስለ እንቁላል አስኳሉ ይቅርታ መጠየቅ አለብኝ። ባለፈው ዓመት በዚሁ ዓምድ ላይ «አስኳል ጥሩ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። መጠኑን ግን አልጻፍኩም። በዚያ ምክንያት የብዙ ሰው ውሃ ሳይበላሽ አልቀረም። አስኳል ጥሩ ምግብ ነው። ግን ውሃ ውስጥ ሲገባ እንደ ወተት ይበተናል፣ በዚህ ሙቀት በጥቂት ሰዓት ይሸታል። ለ40 ጫጩት የሚበቃው በጥርስ መፋቂያ ጫፍ የምትነሳው ያህል ነው። በጨርቅ አጣርተሽ፣ በማንኪያ ውሃ በጥብጠሽ፣ በጠብታ። ለጋፒ ግን አስኳል የግድ አይደለም። የጋፒ ጫጩት አፉ ከሌሎች ጫጩቶች ትልቅ ነው፤ ከተወለደ ጀምሮ የትልልቆቹን ደረቅ ምግብ በጣትሽ አድቅቀሽ እንደ በርበሬ ዱቄት ካላምሽው ይበላል። በቀን ከ3 እስከ 5 ጊዜ፣ በጣም ትንሽ ትንሽ። ሆዳቸው ትንሽ ስለሆነ በአንዴ ብዙ መስጠት ጥቅም የለውም። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልተበላውን አውጪው።

አሁን ለስድስቱ ምን ታድርጊ? ከሳህኑ አውጪያቸው። ሳህኑ ለጫጩት ይጠባል፤ ትንሽ ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎም ይሞቃል። 10 ሊትር ገደማ የሚይዝ ሰፊ ዕቃ ፈልጊ። ውሃውን ግማሹን ከትልልቆቹ አኳሪየም ቅጂ፣ ግማሹን ካሳደርሽው። የአኳሪየሙን ውሃ ሰው ቆሻሻ ይለዋል፤ ግን ጫጩቶቹ የተወለዱበት ውሃ ነው፣ ሰውነታቸው የሚያውቀው እሱን ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ትልቁ አኳሪየም ውስጥ ከከረመው ስፖንጅ ላይ ቁራጭ ቆርጠሽ ጨምሪበት። ባክቴሪያዎቹ አብረው ይመጣሉ። በሦስተኛው ገጽ ላይ ያደረግሁት ይህን ነው። 9 የነበረው 30 የሆነው ባደረ ውሃና በስፖንጅ ቁራጭ ነው።

ከዚያ ውሃውን ሙሉ በሙሉ አትቀይሪ። በቀን ከአምስት እጅ አንዱን ቅጂና ባሳደርሽው ተኪ። ለዚህ የምጠቀምበትን ልንገርሽ። መድኃኒት ቤት የሚሸጠውን የጉሉኮስ ቱቦ ታውቂዋለሽ። መሽከርከሪያ አለው፤ ፍጥነቱን ታስተካክይበታለሽ። ባልዲውን ከፍ አድርገሽ አዲሱ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ እንዲገባ አድርጊ። ጫጩት በድንገት የሚለወጥ ውሃ አይችልም። ቀስ ብሎ ከመጣ ግን ይለምደዋል።

ሙቀቱ ይቀራል። ጋፒ ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ይስማማዋል። እኛ ጋ በግንቦትና በሰኔ መስኮት ሥር የተቀመጠ ዕቃ ከዚያ ያልፋል። የሞቀ ውሃ ደግሞ አየር አይይዝም። በ20 ዲግሪ አንድ ሊትር ውሃ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል። ይህም ባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ድሬ ከ1,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ከዚያም ያንሳል። ዕቃውን ወለል ላይ፣ ከግድግዳው ጥላ ውስጥ አስቀምጪ። በጣም ሲሞቅ ቬንትሌተሩን ወደ ውሃው ፊት አዙሪ። በሞያዬ የማውቀው ነገር ነው፤ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ገንቦ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው። ሁለት ሦስት ዲግሪ ይቀንስልሻል። በረዶ ግን እንዳትጨምሪ። ድንገተኛ ቅዝቃዜ ከሙቀቱ ይብሳል።

በአምስተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ብቻ አለ፦ «22። መብራት ሄደ። 0።» የሰኔ ሌሊት ነበር። በዚያ ጊዜ ጠባብና ጥልቅ በሆነ ማሰሮ መሰል ዕቃ ውስጥ ነበሩ፤ የሚያኖራቸው ፓምፑ ብቻ ነበር። ከሌሊቱ ስንት ሰዓት ላይ እንደቆመ አላውቅም። ጠዋት ሁሉም ነጭ ሆነው ነበር። ያን ቀን ሱቅ አልከፈትኩም። ሁሉም በአንድ ሌሊት ካለቁ አየር ነው፤ ሌላ አትፈልጊ። ከዚያ ወዲህ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ዕቃ እንጂ ሌላ አልጠቀምም፤ የውሃው ፊት ሲሰፋ አየሩ ያለ ፓምፕም ይገባል። መብራት ሲጠፋ በጣሳ እየቀዳሽ ከትንሽ ከፍታ መልሰሽ አፍሺበት፤ ጫጩቶቹን እንዳትቀጂ ብቻ ተጠንቀቂ። በየግማሽ ሰዓቱ አስር ጊዜ ያህል። ልጅሽ ይህን ሥራ ይወደዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። መቶ በመቶ አታስቢ። ሲወለዱ ጀርባቸው የተጣመመ ይኖራል፤ መዋኘት የማይችሉም ይኖራሉ። ያልፋሉ። ይህ ያንቺ አይደለም። ደግሞም 40ውም ቢተርፉ የት ታደርጊያቸዋለሽ? ጠባብ ቦታ ውስጥ የታጨቁ ጫጩቶች አያድጉም፤ ቢቆዩም ቀጭጨው ይቀራሉ። የሦስተኛው ገጽ 30ዎቹ ሲያድጉ 20ውን ለሰፈር ልጆች ሰጠሁ። ጋፒ በየወሩ ነው የምትወልደው። ሦስቱ ሴቶች ካሉሽ በሚቀጥለው ወር ሌላ ቆጠራ ይመጣል። ያኔ ልጅሽ ጠዋት ቀጥታ ሳህኑን ያያል።

«ሰላም። ሐረር ጁገል ውስጥ ነው የምኖረው። ቤታ ዓሣ አራባሁ። አባትየው የአረፋ ጎጆ ሠራ፣ እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ፣ ጫጩቶቹ በሦስተኛው ቀን መዋኘት ጀመሩ። ከመቶ በላይ ናቸው። ምግብ አድቅቄ ሰጠኋቸው። በሳምንቱ ሁሉም አለቁ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱም ያው ነው። ውሃው ይሆን? እዚህ ውሃ በሮቶ ነው የምናጠራቅመው።» ከጁገል

ወንድሜ፣ ሮቶው አይደለም። እንዲያውም ሮቶ ውስጥ ቀናት የከረመ ውሃ ክሎሪኑ ቀንሷል፤ በዚያ በኩል ከኛ ትሻላላችሁ። ፀሐይ የመታውን የሮቶ ውሃ ግን በቀጥታ አትጨምር፤ ቤት ውስጥ አሳድረው።

ያንተ ጫጩቶች በረሀብ ነው ያለቁት። ቀኑ ይናገራል። የቤታ እንቁላል ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ይፈለፈላል። ጫጩቱ ሆዱ ላይ ትንሽ አስኳል ይዞ ነው የሚወጣው፤ ሁለት ሦስት ቀን እሷን ይበላል። መዋኘት ሲጀምር አስኳሉ አልቋል። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ካልበላ ያበቃለታል። ምግብ ሰጥተኸዋል፤ ግን ያደቀቅከው ለአፉ ድንጋይ ነው። የቤታ ጫጩት ከጋፒ በጣም ያንሳል። በሕይወት የሚንቀሳቀስ፣ በዓይን የማይታይ ምግብ ነው የሚፈልገው።

ምግቡ ከልጆቹ በፊት መዘጋጀት አለበት። ወንዱንና ሴቷን ባገናኘህበት ቀን ሳይሆን ከዚያ ቀደም ብለህ ጀምር። በማሰሮ ወይም በትልቅ ጠርሙስ ውስጥ ከአኳሪየም የተቀዳ ውሃ አድርግ። የሰላጣ ቅጠል ወይም እፍኝ የማይሞላ ደረቅ ሣር ጨምርበት። ብርሃን ባለበት ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጠው፤ በዚህም ላይ ነጠላ አልብሰው። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ይሸታል። ከአራት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሽታው ይቀንሳል፣ ውሃውም መጥራት ይጀምራል። ባትሪ ከጎኑ አብርተህ ብታይ እንደ አቧራ የሚንሳፈፍ፣ ግን ራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር ታያለህ። ያ ነው ምግባቸው። በቀን ሦስት አራት ጊዜ በጠብታ ስጣቸው። በየሦስት ቀኑ አዲስ ጠርሙስ ጀምር፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይደርሳል። ከሳምንት በኋላ አርቴሚያ (ጨው ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ሽሪምፕ መሰል ጥቃቅን ፍጥረት) ማግኘት ከቻልክ እንቁላሉን በጨው ውሃ፣ ለሊትር 25 እስከ 30 ግራም ጨው አድርገህ፣ በ26 እስከ 28 ዲግሪ ፈልፍለው። በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ይወጣል። ከምንም ምግብ የሚበልጥ ምግብ ነው። ከመስጠትህ በፊት በወንፊት ጨርቅ አጥልለህ በንጹሕ ውሃ እጠበው።

ሐረር ከኛ 600 ሜትር ያህል ትበልጣለች፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊታችሁን አውቀዋለሁ። ቤታ ከ25 ዲግሪ በታች አይወድም። ዕቃውን ክዳን አድርግለት። ጫጩቶቹ ከሦስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ከውሃው ፊት አየር መሳብ ይጀምራሉ፤ ከላይ ያለው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ያኔ ይጎዳቸዋል። ማሞቂያ ከሌለህ ዕቃውን በስቲሮፎም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው፤ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይወጣ ያዘገይልሃል። እኔ ለዚህ ሥራ የአሮጌ ፍሪጅ በድን በጀርባው አስተኝቼ እጠቀማለሁ፤ ግድግዳው የተሠራው ሙቀት እንዳያሳልፍ ነው።

ሴቷን እንቁላል ጥላ እንደጨረሰች አውጣት። አባትየውን ደግሞ ጫጩቶቹ በራሳቸው መዋኘት ሲጀምሩ። እስከዚያ ድረስ የወደቁትን በአፉ እየለቀመ ወደ ጎጆው ይመልሳል። ከዚያ በኋላ ግን አብሮ ማቆየት አያስተማምንም።

«ጋሼ፣ አንዲት ጋፒ ብቻ ነው ያለችኝ። ወንድ ኖሮኝ አያውቅም። ከሁለት ወር በፊት ነው ከጓደኛዬ የተቀበልኳት። መጀመሪያ ወለደች፣ ትናንት ደግሞ እንደገና ወለደች። እህቴ የጎረቤት ዓሣ ነው የገባው ትላለች። እኔ አይደለም አልኳት። ማን ነው ልክ?» ከገንደ ቆሬ፣ 11 ዓመቴ ነው

አንተ ነህ ልክ። የጋፒ ሴት ከወንድ ጋር አንዴ ከተገናኘች ዘሩን ሰውነቷ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ከዚያ ለብዙ ወራት ያለ ወንድ ትወልድበታለች። ጓደኛህ ቤት ሳለች ነው ነገሩ የሆነው።

ትናንት የተወለዱትን ቶሎ ለያቸው፤ ከላይ ለሳቢያኗ እናት የጻፍኩትን ከቤት ሰው ጋር አንብበው። ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ሲሆናቸው ከሆዳቸው ሥር ያለውን ክንፍ እይ። የወንዱ እንደ እንጨት ስንጥር ቀጭንና ሹል ይሆናል፤ የሴቷ እንደ ማራገቢያ ሰፊ ይሆናል። ልክ እንዳየህ ወንዶቹን በሌላ ዕቃ አድርጋቸው፤ አለዚያ እህትማማቾቹ ሁሉ ያረግዛሉ። ቢበዙብህም ደቻቱ በሚሞላበት ጊዜ ወንዙ ውስጥ እንዳትለቃቸው፣ ሐይቅም ቢሆን። ጋፒ የሌላ አገር ዓሣ ነው፤ እዚያ ያሉትን ይጎዳል። ከተማ ከመጣህ ከዚራ ሱቄ አምጣቸው። ባዶ መሳቢያ አለኝ።